ኮቱና ያልተወለደው አጎት

«ይሄን ኮት ለብሰሽ ነው የምሳ ካርድ የምትጠይቂው?»

ቲቸር ሉል ይህን ያሉት ሳይጮኹ ነው። ቢጮኹ ይሻል ነበር። በየጠረጴዛቸው አጎንብሰው ፈተና የሚያርሙት መምህራን ሁሉ ጆሯቸውን አቁመዋል። አንዱማ እስክሪብቶውን አንስቶ ኮቱን ከኮሌታው እስከ ጠርዙ በደንብ ካየው በኋላ ነው ተመልሶ ያቀረቀረው።

«ኮቱ ምን ሆነ ቲቸር?» አለች ዘናጭ።

ዘናጭ እናቷ ያወጣችላት ስም አይደለም። የክፍሏ ልጆች ናቸው ያወጡላት። ከዩኒፎርም በላይ የፈለጉትን መደረብ ስለሚፈቀድ፣ እሷም በየጊዜው አንድ ነገር ደርባ ብቅ ስለምትል፣ ስሙ ተጣብቆባት ቀረ።

«ምንም አልሆነም። ችግሩም እሱ ነው» አሉ ቲቸር ሉል። ሴትዮዋ ጂኦግራፊ ስለሚያስተምሩና ያቺን የዓለም ሉል ከብብታቸው ስለማይለዩ ነው ተማሪው እንዲህ የሚላቸው። የተማሪዎች ድጋፍ ኮሚቴ ሰብሳቢም እሳቸው ናቸው። «ለኮሚቴው መረጃ ደርሶታል። ውጭ ያለው አጎትሽ ልብስ ይልክልሻል አሉ። እንደዚያ ከሆነ ካርዱ ለባሰበት ልጅ መሰጠት አለበት።»

«አጎት?»

«ቅዳሜ ጠዋት ቤታችሁ መጥተን እናያለን። ከዚያ እንወስናለን። አሁን ወደ ክፍልሽ።»

ዘናጭ «አጎት የለኝም» ልትል አፏን ከፈተች። ግን አጎቱ ከየት እንደመጣ ስለምታውቅ አፏን መልሳ ዘጋችና ወጣች።

እናቷ ሆስፒታል ውስጥ የተቀደደ አንሶላና ጋውን ትጠግን ነበር። በኋላ ሆስፒታሉ የስፌት ክፍሉን ዘግቶ የተቀደደውን መጣል ጀመረ። ከዚያ ወዲህ እቤት ቁጭ ብላ የሰፈር ሰው ሱሪ ታሳጥራለች። አንዳንድ ሳምንት የሚያጥር ሱሪ አይመጣም። ቤታቸው ከትምህርት ቤት ሩቅ ነው፤ ለምሳ ደርሶ መመለስ አይቻልም። ከሰዓት በኋላ ደግሞ የማጠናከሪያ ትምህርት አለ፤ እሱን ትቶ የዓመቱን መጨረሻ ፈተና ማለፍ አይታሰብም። ስለዚህ ዘናጭ የምሳ ሰዓቱን በቧንቧ ውሃ ታሳልፈዋለች። ለጠየቃት ሁሉ «ዳይት ላይ ነኝ» ትላለች። በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ሆዷ ሲጮህ እንዳይሰማባት ወንበሯን ታንቋቋለች።

ጓደኛዋን ላስቲክን ያገኘቻት ቧንቧው ጋ ነው። ላስቲክ ቀጭንና ረጅም ናት፤ መረብ ኳስ ስትጫወት እጇ የሚሳብ ይመስላል።

«ስለ አጎቴ ለቲቸር ሉል ማን ነገራቸው?»

«የቱ አጎትሽ?»

«አንቺ የወለድሽው!»

ላስቲክ ገባት። ጠርሙሷን ከቧንቧው ሥር አወጣች።

ነገሩ የተጀመረው ብርዱ የገባ ሰሞን ነው። ዘናጭ ኮቱን ያገኘችው ሰልባጅ ተራ፣ ማንም ከማያገላብጠው ክምር ሥር ነበር። የሽማግሌ ኮት ነው። ውጩን ፀሐይ በልቶታል፤ ክርኑ ነጥቷል። ገበሩን ገለጥ አድርጋ ስታይ ግን የጨርቁ የውስጥ ፊት ትናንት የተሸመነ ይመስላል። እናቷ አገላብጣ አየችውና «ተርትረሽ ገልብጪው» አለቻት። ዘናጭ ስፌቱን በሙሉ ተረተረች። የውስጡን ፊት ወደ ውጭ አዞረች፣ ትከሻውን አጠበበች፣ ወገቡን ያዝ አደረገች። ከእናቷ የቁልፍ ጣሳ ውስጥ ተመሳሳይ ቁልፎች ለቅማ ተከለችለት። ኮት ሲገለበጥ ግራው ቀኝ ስለሚሆን የደረቱ ኪስ በቀኝ በኩል ወጣ። ብትደፍነው ጠባሳው ይታያል፤ ተወችው።

ለብሳው የመጣች ቀን ያላደነቃት አልነበረም። እናቷ የልብስ መደብር ያላትና በዚሁ ምክንያት ቡቲክ የሚሏት ልጅ ብቻ ቀረብ ብላ ደረቷን በጣቷ ነካ አደረገችና «ኪሱ ለምን በቀኝ ሆነ? የተበላሸ ነው እንዴ? ሰልባጅ ነው መሰለኝ» አለች። ልጆቹ ሊስቁ አፋቸውን ሲያሾሉ ላስቲክ ጣልቃ ገባች። «ፋራ! ውጭ አሁን ፋሽኑ እንደሱ ነው። አጎቷ ነው የላከላት!» ቡቲክ ዝም አለች። ዘናጭም ዝም አለች።

«እኔ እኮ ላድንሽ ብዬ ነው» አለች ላስቲክ አሁን። «ለቲቸር ሉል ደግሞ እኔ አልነገርኩም። ቡቲክ ናት። አጎቷ ውጭ ላለ ልጅ ካርድ ሊሰጡ ነው ብላ ስታወራ ከርማለች፤ ውሸቷን መስሎኝ ነበር።»

«ማን አድኚኝ አለሽ? አንቺ ዋሸሽ፣ እኔ ምሳ ተከለከልኩ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ!»

«ቆይ፣ ቆይ። ካርድ ለምን ጠየቅሽ? ዳይት ላይ ነኝ አላልሽኝም?»

ዘናጭ ጎንበስ ብላ ከቧንቧው ውሃ ጠጣች። ላስቲክ እያየቻት ፊቷ ቀስ እያለ ተለወጠ።

«እኔ ምሳዬን እየተውኩ ስጥል አጠገቤ ተቀምጠሽ... አንቺ ጤነኛ ነሽ?»

«ያንቺን ትራፊ አልፈልግም!»

«ትራፊ ማን አለሽ? ይልቅ እኔን ውሸታም ከማለትሽ በፊት ራስሽን እዪ። ያኔ አጎቷ ነው ስል አፍሽን ማን ለጎመው? ደስ ብሎሽ ነበር። አይቼሻለሁ።»

እውነት ነው። ደስ ብሏት ነበር። እውነት ደግሞ ይበልጥ ያናድዳል፤ ዘናጭም «ሁለተኛ እንዳታናግሪኝ!» ብላ ቧንቧውን ክፍት ትታ ሄደች።

እቤት ስትደርስ ኮሚቴው እንደሚመጣ ተናገረች። ስለ አጎቱ ግን ትንፍሽ አላለችም። አፍራ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት አክስቷ እቴቴ በሩን ሳታልፍ ማዘዝ ጀመረች። እቴቴ የእናቷ ታላቅ ናት። ጎረቤት ቢታመም፣ ሰው ቤት ቢቀይር፣ ቢድር፣ ቢጣላ፣ አዛዧ እሷ ናት።

«ቴሌቪዥኑ ይውጣ! መስታወቱ ይውረድ! ይሄ መጋረጃ ደግሞ ምን አሳመረው? ይነሳ!»

«እቴቴ፣ የሆስፒታል አንሶላ እኮ ነው። ቀለም ነክሬው ነው» አለች ዘናጭ።

«እነሱ ይሄን በምን ያውቃሉ? ማማሩን ነው የሚያዩት። አንሺው!»

ለግቢው ይህ አዲስ ነገር አልነበረም። የሚረዳ ኮሚቴ ሊጎበኝ ሲመጣ ተጎብኚው ዕቃውን ጎረቤት ያሸሻል፤ ጎብኚው ሲሄድ ይመልሳል። መጋዘኑ የእማማ ሬዲዮ ቤት ነው። እማማ ሬዲዮ የሰሙትን ወሬ ይዘው ማደር አይችሉም፤ ለዕቃ ግን የታመኑ ናቸው። ዘናጭ ቴሌቪዥኑን ታቅፋ ስትገባ የሰው ማቀዝቀዣ፣ የሰው ሶፋ፣ የሰው ምንጣፍ ተደርድሮ መፈናፈኛ የለም።

«የማን ነው ይሄ ሁሉ?»

«የጓሮ ቤቶቹ ሰዎች ነው። እነሱም ሊጎበኙ ነው» አሉ እማማ ሬዲዮ። «አይክፋሽ ልጄ። ድህነትም እንደ እንግዳ ዝግጅት ይፈልጋል።»

ስትመለስ እቴቴ የስፌት መኪናው ላይ ደርሳለች።

«እሱ እንኳ ይቅር እትዬ» አለች እናቷ። ከነጋ የተናገረችው ይህን ብቻ ነው። «መተዳደሪያዬ ነው።»

«መተዳደሪያ ያለውን ማን ይረዳል? አንቺ ደግሞ! ያዢ በዚያ በኩል።»

መኪናው ተጋዘ። በመጨረሻ እቴቴ ከፌስታል ውስጥ አንድ ሹራብ መዝዛ ዘናጭ ላይ ወረወረችው። ክርኑ ተቀዷል፤ አንገቱ ላልቷል፤ ከፊቱ ክር ተመዞ ተንጠልጥሏል።

«የማን ነው?»

«የማንም ይሁን። ልበሺው። ፀጉርሽንም በተን አድርጊው።»

«ይሄን ቀዳዳ እነሱ እስኪመጡ ልደፍነው እችላለሁ። ደፍኜ ልልበሰው?»

«ጉድ እኮ ነው! ሆዷ ባዶ፣ መዘነጥ አልተዋት። ራስ ሳይጠና ጉተና!»

ዘናጭ እናቷን አየቻት። እናቷ ዓይኗን ከወለሉ ሳታነሳ «ለዛሬ ብቻ» አለች።

ከእቴቴ ጩኸት ሁሉ ያንገበገባት ይህ ነው። እናቷ የሰውን ሱሪ እንኳ አሳጥራ ስትጨርስ አንዲት ክር ተንጠልጥላ ብታይ ነቅላ ነው የምትሰጠው። ዘናጭ ጥርሷን ነክሳ ሹራቡን ለበሰችው።

ኮሚቴው ሦስት ሆኖ መጣ፤ ቲቸር ሉል፣ የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ፣ እንዲሁም የወላጆች ተወካይ የሆነ ኮፍያ ያጠለቀ ነጋዴ። ቤቱ ጠባብ ስለሆነ ነጋዴው ደፍ ላይ ቆመ።

ቲቸር ሉል እናቷን «በምንድን ነው የሚተዳደሩት?» አሏት።

«ልብስ እሰፋለሁ።»

«በምን?»

ወለሉ ላይ የተቆራረጠ ክር ተበትኗል። መኪናው ይቆምበት በነበረው ቦታ እግሮቹ ያጎደጎዱት ምልክት ፍንትው ብሎ ይታያል። መስታወቱ የወረደበት ግድግዳም ከሌላው ነጥቶ አራት ማዕዘን ሠርቷል።

«በእጇ ነው የምትሰፋው» አለች እቴቴ። «በመርፌ።»

«ይሄስ የምን ምልክት ነው?» አለ ነጋዴው በጫማው ጫፍ እያመለከተ።

«አልጋ ነበር። ሸጥነው።»

«አልጋ ሥር ሆና ነው እንዴ የምትሰፋው? ክሩ በሙሉ እዚህ ነው ያለው።»

እቴቴ ላብ ጀመራት። ቲቸር ሉል ሉላቸውን ባይዙም እንደ ያዘ ሰው ክንዳቸውን ወደ ጎናቸው ጠበቅ አደረጉና ወደ እናቷ ዞሩ።

«ውጭ ያለው ወንድምዎስ? ምንም አይልክም?»

«የምን ወንድም?» አለች እናቷ።

እቴቴም ስለዚህ ሰው የሰማችው ያን ጊዜ ነው። ግን ዛሬ ከቴሌቪዥን እስከ መጋረጃ ያለውን ሁሉ ስትክድ ስላረፈደች ለአንድ ሰው አልተጨነቀችም።

«ሞተ!» አለች።

«ውይ!» ጸሐፊዋ ደረቷን ያዘች። «መቼ?»

«በቅርቡ ነው። ደህና ውሎ፣ ደህና አምሽቶ... ድንገት» አለች እቴቴ፣ አፏን በመዳፏ ከድና። ነጋዴው ኮፍያውን አወለቀ። ቲቸር ሉል «ነፍስ ይማር» አሉ። እናቷ እህቷን አፍጥጣ ታያታለች። ወንድም ኖሯት አያውቅም፤ አሁን ግን ሰው ሁሉ ሊያስተዛዝናት ቆሟል።

ዘናጭን መጀመሪያ ሳቅ ነበር የመጣባት። ጉሮሮዋ ጋ ሲደርስ ሳቅ መሆኑ ቀረ።

«አልሞተም» አለች።

«አንቺ ልጅ!»

«አልሞተም፤ ምክንያቱም አልተወለደም! አጎት የለኝም። ልጆች ኮቴን ሲያዩ ያወሩት ውሸት ነው። እኔም ዝም ብዬ ሰማሁ።»

ሹራቡን ከላይዋ መንጭቃ አወለቀችና ወለሉ ላይ ጣለችው። በቲቸር ሉልና በነጋዴው መሃል ተሹለክልካ ወጣች። ተመልሳ ስትመጣ እማማ ሬዲዮ ቤት የተሸሸገው ኮቷ ትከሻዋ ላይ ነው፤ የስፌት መኪናውን ራስ በሁለት እጇ አቅፋዋለች። ከኋላዋ እማማ ሬዲዮ «እንግዶቹ ሳይሄዱ ነው እንዴ? ኧረ ቀስ!» እያሉ ይከተላሉ። መኪናውን ወለሉ ላይ፣ ልክ ምልክቱ መሃል አስቀመጠችው።

«እናቴ የምትሰፋው በዚህ ነው። ኮቴ ደግሞ ይኸውላችሁ። ሰልባጅ ነው። ከክምር ሥር ነው ያወጣሁት።» የገበሩን ጠርዝ ይዛ ገለጠችው። የነጣው፣ ፀሐይ የበላው ፊት ብቅ አለ። «የተገለበጠ ነው። ውጩ ይሄ ነበር።»

ጸሐፊዋ አንገቷን አስግጋ አየች። ዘናጭ ማቆም እንዳለባት ታውቅ ነበር፤ አላቆመችም።

«ካርዱን የጠየቅኩት ስለሚርበኝ ነው። ርሃቤን እንድታምኑ ምን ልልበስ? ስንት ቀዳዳ ይበቃችኋል?»

«ይቺ ልጅ ሆዷ ቢራብም ምላሷ ጠግቧል» አለ ነጋዴው ኮፍያውን መልሶ እያጠለቀ።

ቲቸር ሉል ኮቱን ከትከሻዋ ተቀብለው ክርኑን በአውራ ጣታቸው ዳሰስ አደረጉት። ከዚያ መለሱላትና «እናሳውቃችኋለን» ብለው ወጡ። ሌሎቹም ተከተሏቸው።

በሩ ሳይዘጋ እቴቴ ፈነዳች። «ገደልሽን! በዚህ አፍሽ ገደልሽን!»

«ሰው የገደልሽውስ አንቺ ነሽ እቴቴ። ያውም በቅርቡ።»

እናቷ ሳቋ አመለጣት። እጇን አፏ ላይ አድርጋ ለማፈን ሞከረች፤ አልሆነላትም፤ እየሳቀች ዓይኗ እንባ አቀረረ። ከዚያ ተነስታ መጋረጃውን መልሳ ሰቀለች።

በሳምንቱ ውስጥ ቲቸር ሉል አስጠሯት። በዚህ ጊዜ ቢሮው ባዶ ነበር። ካርዱን በጠረጴዛው ላይ ገፋ አደረጉላት።

«ተፈቅዶልሻል። የተቃወመ ነበር፤ ተከራክሬ ነው» አሉ። ዘናጭ ማመስገን ጀምራ ሳትጨርስ ቀጠሉ። «አንድ ነገር ልምከርሽ፤ እንደ ታላቅ እህት። ካርድ ያላችሁ የምትገቡት ከፋዮቹ በልተው ሲወጡ ነው። ማንም አያያችሁም፤ ለእናንተው ክብር ተብሎ ነው። ያን ኮት ደግሞ ምሳ ቤት አትልበሺው። ሰው ያወራል፤ እኔም ጥያቄ ይበዛብኛል። ገባሽ?»

«ገባኝ ቲቸር» አለች። ካርዱ እጇ ላይ ነበር። በካርዱ ላይ መቆጣት አልፈለገችም።

በማግስቱ የምሳ ደወል ሲደወል ኮቱን ወንበሯ መደገፊያ ላይ ትታ ወጣች። ሌሎቹ እየተጋፉ ወደ ምሳ ቤቱ ሲሮጡ እሷ በጎን በኩል ዞራ ከግድግዳው ሥር ቆመች። ብቻዋን አልነበረችም። አንዱ የተፈታ የማይመስል የጫማውን ክር ያስራል። አንዷ ከወር በፊት የተለጠፈ ማስታወቂያ ታነባለች። በየስፖርት ውድድሩ የሚጮኽለት የአሥረኛ ክፍሉ በረኛ ግድግዳውን ተደግፎ ስልኩን ያያል፤ ስልኩ ጠፍቷል። ሁሉም እንደማይተዋወቅ ሰው ፊቱን አዙሯል። ሾርባው ይሸታል።

ከጎኗ የቆመች፣ በዕድሜ ትንሽ ከፍ የምትላት ልጅ አየቻትና ቶሎ ብላ፣ ሳትጠየቅ፣ «ምሳ አልወድም እኔ፤ ያከብደኛል» አለች።

ዘናጭ ጆሮዋ ጋለ። ውሸቱን ታውቀዋለች፤ ስትናገረው ከርማለች። የማን ሐሳብ ነው ይሄ? የራበው ሰው ተራ እስኪደርሰው ብቻ ሳይሆን ሰው እስኪያልቅ መጠበቅ አለበት ያለው ማን ነው? ሰውን ደብቀው ሲያበሉት ክብር ሰጠን ይላሉ።

ወደ ክፍል ተመለሰች። ኮቱን ከወንበሩ አነሳች፣ ለበሰችው፣ ቁልፎቹን ከላይ እስከ ታች ቆለፈች፤ ደብተሮቿንና ካርዱን ያዘች። ከዚያ በጎን በኩል ሳይሆን በፊት ለፊት በር ምሳ ቤት ገባችና ከሰልፉ መጨረሻ ቆመች። ከፊቷ ያለችው ላስቲክ ናት።

ላስቲክ ዞረች። «ልታናግሪኝ ነው?»

«አይ። ምሳ ልበላ ነው።»

ከወደ ፊት ቡቲክ ካርዱን አይታ ፈገግ አለች። «አጎትሽ ምን ነካው? መላክ ተወ እንዴ?»

ላስቲክ አፏን ከፈተች። ዘናጭ በዓይኗ ገረመመቻት፤ ላስቲክ አፏን ዘጋች።

«አጎት የለኝም» አለች ዘናጭ። ድምፅዋ ከፈለገችው በላይ ወጣ፤ ሰልፉ በሙሉ ዞረ። «ኮቱ ሰልባጅ ነው። ራሴ ነኝ ገልብጬ የሰፋሁት። ያንቺም ሲነጣ አምጪው።»

ቡቲክ የራሷን ጃኬት ክርን ሳታስበው አየት አደረገች። አንድ ሰው ከኋላ ሳቀ። ሰልፉ ፈቀቅ አለ።

ቀትር ነው። የቆርቆሮው ጣሪያ ይግላል፤ ከድስቶቹ እንፋሎት ይወጣል። የዘናጭ ግንባር ረጠበ፤ ላቡ በጆሮዋ ሥር አልፎ ወደ ኮሌታዋ ወረደ። ቲቸር ሉል የመምህራኑ በር ላይ ቆመው ወደሷ ያያሉ።

«እየቀለጥሽ ነው እኮ» አለች ላስቲክ በሹክሹክታ። «አውልቂው። እይዝልሻለሁ።»

«አላወልቅም።»

ላስቲክ ትንሽ አሰበችና የዘናጭን ደብተሮች ከእጇ ተቀበለቻት። ዘናጭ አሁንም ተቆጥታለች፤ ደብተሮቹን ግን ለቀቀችላት።

«ቀጣይ!» አለች ጭልፋ የያዘችው ሴት።

ዘናጭ ወደ ፊት ተራመደችና ካርዱን፣ ስሟ ያለበትን ፊት ወደ ላይ አድርጋ፣ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው።